የእርጅና ቅናሽ የማይያዝበት ሀብት

(ለሒሳብና ለኦዲት ሙያተኞች በዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በሒሳብ ሙያ ውስጥ በየዓመቱ መጨረሻ የሚጻፍ፣ ሲጻፍም ማንንም የማያስደነግጥ አንድ ቃል አለ። እርሱም «የእርጅና ቅናሽ» የሚባለው ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ አሠራር የዋጋን መውረድ የሚያመለክት ስም ሲሰጠው፣ አማርኛ ግን በቀጥታ ከሰው ሕይወት ወስዶ እርጅና ብሎታል። መኪናው ያረጃል፤ ሕንፃው ያረጃል፤ ጠረጴዛና ወንበሩ ያረጃል፤ የሒሳብ ሠራተኛውም ብዕሩን አንሥቶ ያረጁበትን መጠን ይቀንሳል። ቀናሹ ራሱ እያረጀ መሆኑን ግን የሚመዘግብበት ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለም።

በ1994 ዓ.ም የወጣውና በ2008 ዓ.ም በሌላ አዋጅ የተተካው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ለሕንፃ በዓመት 5 ከመቶ፣ ለኮምፒዩተር 25 ከመቶ የእርጅና ቅናሽ ፈቅዶ እንደነበር አንጋፋ አባላት ያስታውሳሉ። ይኸው አዋጅ ግን ቅናሽ የማይታሰብባቸውንም ለይቶ አስቀምጦ ነበር። የሥነ ጥበብ ሥራዎች፣ ጥንታዊ ዕቃዎችና ጌጣጌጦች ከቅናሹ ውጭ ነበሩ። መሬትም ቢሆን በሒሳብ አያያዝ ደንብ አገልግሎቱ አያልቅምና እርጅና አይቆጠርበትም። እንግዲህ ሕግ አውጪውና ሙያው ሁለቱም አንድ ነገር ተቀብለዋል ማለት ነው፤ ይኸውም ጊዜ የሚቀንሰው ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ጊዜ የማይነካው ወይም ጊዜ የሚያከብረው ነገር መኖሩን ነው።

የዚህ ንግግር ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ሰው ሲያረጅ ከእርሱ የሚቀነሰው የትኛው ነው? የማይቀነሰውስ? መልሱን በመዝገብ ቤት ከመፈለግ ይልቅ ብዙዎቹ አባላት የመጀመሪያ ደንበኞቻቸውን ወዳገኙበት ሥፍራ፣ ወደ አዲስ ከተማ፣ ወደ መርካቶ መውረድ ይሻላል።

አንድ አዛውንት በዓይነ ሕሊና ይታዩ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ያውቋቸዋል፤ አንዳንዶቹም ነገ እርሳቸውን ይሆናሉ። 60 ዓመት ሲሞላቸው በሕጉ መሠረት የጡረታ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ጋቢ ደርበውላቸው፣ መልካም ንግግር አድርገውላቸው፣ አብረዋቸው ፎቶግራፍ ተነሥተው ሸኝተዋቸዋል። ሰኞ ማለዳ ግን እንደ ልማዳቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነቅተው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ከረባታቸውን አስረው ከቆሙ በኋላ የሚሄዱበት እንደሌለ ትዝ አላቸው። በወጣትነታቸው ከሥራ ሰዓት ውጭ የነጋዴዎችን መዝገብ ይጽፉ ነበርና እግራቸው ወደዚያው ወሰዳቸው።

መርካቶ እንደ ደረሱ ትከሻው ላይ ጆንያ የተሸከመ ወጣት ከኋላቸው መጣና «አባባ፣ ዞር ይበሉ!» አላቸው። አዛውንቱ ዞር አሉ፤ ወጣቱም አመስግኖ አለፈ። እርሳቸው ግን ለጥቂት ጊዜ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። በዚያው መንገድ ለ30 ዓመት ያህል «ጋሼ» ሲባሉ ኖረዋል። የጡረታ ደብዳቤው ያልነገራቸውን ነገር ተሸካሚው በአንዲት ቃል ነገራቸው። በቃሉ ውስጥ ስድብ የለም፤ እንዲያውም አክብሮት አለው። ነገር ግን ዕድሜ መስታወት ነው እንደሚባለው፣ ሰው ራሱን አይቶ የማያውቀውን መልክ አንዳንድ ጊዜ የሚያሳየው መንገደኛ ነው።

መርካቶም ራሱ ባለ ዕድሜ ነው። ቀድሞ የከተማው ዋና ገበያ አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወራሪው ከተማውን በዘር ለያይቶ ለመሥራት ባወጣው ዕቅድ የአገሬውን ገበያ ከዚያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው። መርካቶ የሚለው ስምም የጣሊያንኛው «ገበያ» ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም ተባርሮ ሲሄድ ገበያው ቀረ፤ ለመለያየት የታሰበውም ሥፍራ የመገናኛ ሥፍራ ሆነ። የአንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው፤ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ማለዳ ይሰማል። ከጉራጌ አገር የመጣው፣ ከሐረር የመጣው፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጣው በአንድ ተራ ጎን ለጎን ይነግዳል። በሊስትሮነት ጀምሮ ባለ ሱቅ፣ ከዚያም ባለ ሕንፃ የሆነው ሰው ታሪክ በዚህ ገበያ ተረት አይደለም።

ገበያው ግን እንደ ድሮው አልቆየም። የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ሱቆች ፈርሰው በቦታቸው ፎቅ ቆሟል፤ የትናንቱን ተራ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በመስተዋት ሕንፃዎች መካከል መንገድ ይጠፋዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ሰዎችን የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ሌሊት አመድ አድርጎታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የጠፋው ሸቀጥ በብር ይገመታል። በነጋዴና በነጋዴ መካከል ያለውን መተማመን፣ ማን ለማን በቃሉ ብቻ ዱቤ እንደሚሰጥ የሚያውቀውን ትዝታ ግን ገማች አይገምተውም። ያም ሆኖ ከውድቀት በኋላ ገበያ የሚነሣው በዚሁ ነው።

መርካቶ የጡረታ ደብዳቤ አይጽፍም። የሱቁ ባለቤት ሲያረጅ በደጃፉ ላይ ዱካ ይወጣለታል። ሽያጩን ልጁ ይይዛል፤ ስልኩን የልጅ ልጁ ያነሣል። ሽማግሌው ቁጭ ብሎ ሰው ያያል። አንድ ደንበኛ ዱቤ ሲጠይቅ ልጁ ወደ ዱካው ዘወር ብሎ ያያል፤ አባትየው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል ወይም ዝም ይላል። ከዚያ የበለጠ ንግግር የለም። ያ ዝምታ ግን በዓመት ስንት ኪሳራ እንዳዳነ የየሱቁ ባለቤት ያውቃል።

ከዚያ ወረድ ሲባል ምናለሽ ተራ አለ። የሒሳብ ባለሙያ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ይህን ሥፍራ ሊጎበኝ ይገባዋል። ቁራሌዎች በየሰፈሩ እየጮኹ የሰበሰቡት፣ ሰው የተገላገለው ዕቃ ሁሉ መድረሻው እዚያ ነው። የመኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል፤ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ የዘይት ቆርቆሮ ማሰሮና ኩራዝ ይሆናል። በመዝገብ ላይ ዋጋው ዜሮ ሆኖ የተሰረዘ ንብረት በምናለሽ ተራ መዶሻ ሥር እንደ ገና ይወለዳል። የቀጥቃጩ ጥበብ ማርጀቱን መካድ አይደለም። ጎማው ለመኪና እንደማይሆን አውቆ ለምን እንደሚሆን መለየቱ ነው።

ስለ ምግብም ቢነገር ያው ነው። አዛውንቱ በዚያ ሰኞ ማለዳ አንድ ፉል ቤት ገብተው ተቀመጡ። ፉሉ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተሸፍኖ፣ ትኩስ ዳቦ አስከትሎ መጣ። በወጣትነታቸው ሁለት ሳህን ይበሉ ነበር፤ ዛሬ አንዱን ለመጨረስ ጊዜ ወሰደባቸው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የክትፎው ሽታ ከየቤቱ ይወጣል። ሐኪማቸው ግን ቅቤውን ቀንስ፣ ጨውን ቀንስ፣ ሥጋውን አብስል ብሏቸዋል። እነሆ፣ እርጅና የቅናሽ መዝገቡን በማዕድ ላይ ይከፍታል! ከ60 ዓመት በኋላ የማሽተት ኃይል እየደከመ እንደሚሄድ፣ ከእርሱም ጋር የምግብ ጣዕም እንደሚደበዝዝ የሕክምና ሊቃውንት ይናገራሉ። ብዙ አረጋውያን «የዛሬ በርበሬ እንደ ድሮው አይደለም» ሲሉ በርበሬውን ይወቅሳሉ እንጂ አፍንጫቸውን አይጠረጥሩም። በበርበሬ ተራ የሚያልፈው ወጣት ግን እንደ ድሮው ያስነጥሳል።

ይሁን እንጂ ከክትፎው ጎን የሚቀርበው ቆጮ ሌላ ነገር ያስተምራል። እንሰት ተፍቆ፣ ተጠቅልሎ በጉድጓድ ይቀበራል። ብላት ያለው ቶሎ ይወጣል፤ አዋቂዋ ባልቴት ግን በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ታቆየዋለች። እየቆየ ሲሄድ ይብላላል፣ ጥሬነቱን ይተዋል፣ ጣዕሙም ይበስላል። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጊዜው የሚሠራው ሥራ አለው። ሆኖም ቆጮ በጉድጓድ ስለቆየ ብቻ አይጣፍጥም፤ ቅጠሉን የሚለውጥ፣ የሚጭን፣ የሚከታተል እጅ ካላገኘ ይበላሻል። ዕድሜም እንዲሁ ነው። ዓመት መቁጠር ብቻውን ማንንም አዋቂ አላደረገም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሙዚቃ ነው። አዛውንቱ ከፉል ቤቱ ወጥተው ሲሄዱ ከአንድ ሱቅ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ ተሰማ። እግራቸው ራሱ ቆመ። የሥነ ልቦና አጥኚዎች እንደ ደረሱበት ሰው ካረጀ በኋላ አብዝቶና አጥርቶ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው የሆነውን ነው፤ በዚያ ዘመን የሰማው ዘፈንም ከትዝታው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የጆሮ ነገር ሲነሣ ደግሞ እርጅና በመጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። እንግዲህ አዛውንቱ ከዘፈኑ ውስጥ አንዳንዱን ቀጭን ዜማ በጆሯቸው ሳይሆን በትዝታቸው ሰምተውት ይሆናል።

የማሕሙድ ታሪክ ለዚህ ንግግር ከሁሉ ይልቅ ይስማማል። በ1933 ዓ.ም፣ ወራሪው በተባረረበት ዓመት፣ በዚሁ በመርካቶ ሰፈር ተወለደ። ልጅ ሳለ ጫማ ጠርጓል፤ በኋላም አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ የተገኘውን ሥራ ሁሉ ይሠራ ነበር። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ወደዚያ ቤት ይመጡ ነበርና አንድ ምሽት ዘፋኝ በታጣ ጊዜ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ። ከዚያም የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ባልደረባ ሆኖ እስከ 1966 ዓ.ም ድረስ ዘፈነ። ድምፁ በመጀመሪያ በሸክላ፣ ቀጥሎ በካሴት፣ ከዚያም በሲዲ፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ይሰማል። ሸክላው ተሰበረ፤ የካሴቱ ክር ተበጠሰ፤ ሲዲው ተጫረ። የተሸከሙት ዕቃዎች ሁሉ አርጅተው ተጥለዋል፤ ድምፁ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ደርሷል።

ከዚህም የሚያስገርም አለ። ማሕሙድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 በካይፋ ሪከርድስ አሳታሚነት ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተው «ኧረ መላ መላ» በ1986 በቤልጂግ አገር እንደ ገና ታትሞ ለአውሮፓ አድማጭ ቀረበ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመትም የዚያን ዘመን ሥራዎች ለዓለም አዳረሰ። በ2007 ማሕሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ሲቀበል ዕድሜው 65 አልፎ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ጡረታ ከወጣ 5 ዓመት አልፎት ነበር ማለት ነው። በወጣትነቱ የዘራው፣ ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ፍሬ ሰጠው። በሙያው ቋንቋ ቢነገር፣ የአገልግሎት ዘመኑ አበቃ በተባለበት ጊዜ የዋጋ ጭማሪ ተመዘገበለት።

ነገር ግን ሒሳብ ሐቀኛ መሆን አለበትና የሚቀነሰውም ይጻፍ። በጥር 2017 ዓ.ም ማሕሙድ አሕመድ በ83 ዓመቱ በአዲስ አበባ ሚሌኒየም አዳራሽ የስንብት ዝግጅቱን አቅርቦ ከመድረክ ተሰናበተ። እንኳን የተራ ሰው፣ የእርሱም ጉሮሮ እርጅናን አያመልጥም። ታላቅነቱ አለማርጀቱ አይደለም፤ ማርጀቱን አውቆ፣ ሕዝቡን አክብሮ፣ ራሱ የመረጠውን ቀን ቀጥሮ መሰናበቱ ነው። ጉልበት ይቀነሳል፤ ዓይንና ጆሮ ይቀነሳል፤ ፍጥነት ይቀነሳል። ይህን የሚክድ ሽማግሌ ሥራንም ወጣትንም ይበድላል። ወንበሩን አልለቅም ማለት ጥበብ አይደለም። ነገር ግን ወንበሩን የለቀቀ ሁሉ የሚሰጠው አልቋል ማለትም ስሕተት ነው።

አዛውንቱ ከሰዓት በኋላ በድር ተራ አንድ የጥንት ደንበኛቸውን ሊጠይቁ ገቡ። በዱካው ላይ አሁን የተቀመጠው የነጋዴው ልጅ ነበር፤ እርሱም ሽበት ጀምሮታል። በጠረጴዛው ላይ ደግሞ ኮምፒዩተር የከፈተ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ አለ። ወጣቱ በዚያ ሰዓት የአንድ የጠቅላይ ግዛት ደንበኛን ሒሳብ የማይሰበሰብ ዕዳ ብሎ ሊሰርዝ ነበር። አዛውንቱ «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው የድሮ አጠራር ከአፋቸው አምልጧቸው ነው እንጂ፣ ወጣቱ «የክልል ደንበኛ» ብሎ አርሟቸዋል። ስሙን ሲሰሙ ግን አዛውንቱ አስታወሱ። የዚያ ደንበኛ አባት በአንድ ክፉ ዓመት ከ2 ዓመት በላይ ሳይከፍል ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው መጥቶ እስከ ሳንቲሙ ከፍሎ ነበር። «ልጁን አላውቀውም፤ ቤቱን ግን አውቀዋለሁ። አትሰርዘው፤ መጀመሪያ ደውልለት» አሉ።

ወጣቱ በስክሪኑ ላይ ያለውን አሳያቸው። አዛውንቱ ፊደሉ አነሰባቸው፤ ወጣቱ አጎላላቸው። ከዚያም በ2006 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 847 ከተዘረጋው የሒሳብ ሪፖርት ሥርዓት ወዲህ በሥራ ላይ የዋሉት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲህ ያለውን ዕዳ እንዴት እንደሚገምቱት፣ የደንበኛው የኋላ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የወደፊቱም ሁኔታ እንደሚታይ አስረዳቸው። እርሳቸውም በጥሞና ሰምተው 2 ጥያቄ ጠየቁት፤ አንዱን መለሰ፣ አንዱን አልመለሰም። በመጨረሻ ዕዳው አልተሰረዘም፤ እንዳልተጠራጠሩበትም ተደርጎ አልተተወም። ተገቢው መጠባበቂያ ተይዞለት ለደንበኛው ተደወለ። ያ ውሳኔ የአዛውንቱ ብቻ፣ የወጣቱም ብቻ አልነበረም። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል መዝገቡ ይሳሳት ነበር።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

እነዚሁ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ስለ ቋሚ ንብረት የሚያዝዙት አንድ ነገር አለ። የንብረቱ የአገልግሎት ዘመንና ቀሪ ዋጋ አንድ ጊዜ ተገምቶ አይተውም፤ ቢያንስ በየሒሳብ ዓመቱ መጨረሻ እንደ ገና ይመረመራል። ግምቱ ካልተስማማ ይታረማል። ለማሽን የተፈቀደ ምሕረት ለሰው ሊነፈግ አይገባም። 60 ዓመት የሞላው አባል ደብዳቤ ሲደርሰው ስሙ ከስብሰባ ጥሪ ዝርዝር እየወጣ፣ የ30 ዓመት ዕውቀቱ ከጋቢው ጋር ወደ ቤት የሚገባ ከሆነ፣ ሙያው ያለ ምርመራ ሀብቱን እየሰረዘ ነው። አንጋፋው አባል በበኩሉ ያለፈውን ዘመን እያወደሰ አዲሱን ለመማር ካልፈለገ፣ ራሱን በራሱ ሰርዟል። ማኅበሩ ጡረታ የሚወጣውን እያንዳንዱን አባል ከአንድ ጀማሪ ባለሙያ ጋር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ቢያገናኝ ወጪው የሁለት ሰው ሻይ ነው፤ ትርፉን ግን ለመገመት የሚያስቸግር ነው።

አዛውንቱ በዚያ ምሽት ከመርካቶ ሲወጡ ሱቆቹ እየተዘጉ ነበር። የብረት መዝጊያው እየተንኳኳ ይወርዳል፤ የአውቶቡስ ተራ ረዳቶች ይጣራሉ፤ ያቺው ዘፈን ከሌላ ሱቅ ትሰማለች። ጠዋት ያገኙት ተሸካሚ ባዶ ጆንያውን አጥፎ ወደ ቤቱ ሲሄድ አዩት። «አባባ፣ ደኅና አምሹ» አላቸው። በዚህ ጊዜ አልቆሙም። «አሜን ልጄ፣ ደኅና እደር» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ለነገ ቀጠሮ ነበራቸውና።

ዕድሜና ጤና ለሁላችሁም ይሁን።